የኮምቦልቻ ኤርፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ተወልጄ ስላደግኩ፣ በዚህ ሜዳም ስለተመላለስኩ፣ ዘመድ ወዳጅ ስልክ እየደወለ የሚጠይቀኝን እነሆ።

ትኬቱ ደሴ ይላል፣ ሰው ግን ኮምቦልቻ ነው የሚያርፈው ይለኛል። ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት?

አብሽሩ፣ አልተሳሳታችሁም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚጠቀሙት በአንድ ኤርፖርት ነው። ሜዳው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ትኬትና ሻንጣ ላይ የሚጻፈው መለያ ግን ከደሴ ስም የተወሰደ ሦስት የላቲን ፊደል ነው፦ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ። ሻንጣችሁን ቦሌ ስታስረክቡ የሚለጠፍበት ወረቀት ላይ እነዚህ ፊደላት መኖራቸውን እዩ።

ፓይለቶችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ባለ አራት ፊደል መለያ ይጠቀማሉ፦ ኤች፣ ኤ፣ ዲ፣ ሲ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው። ኮምቦልቻ በላቲን ፊደል በሲም ስለሚጻፍ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ባየሁ ቁጥር ደሴና ኮምቦልቻ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል።

ከኤርፖርቱ ደሴ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ዳገቱ ነው ጉዳዩ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። መሃላቸው ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። መኪናው ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ድፍን ይላል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወረደ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። ስለዚህ ጃኬታችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።

ሚኒባስም ኮንትራት መኪናም ይገኛል። ኮንትራት ከያዛችሁ ዋጋውን ሳትገቡ ተነጋገሩ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ለሚቀር ሰው ባጃጅ ይበቃል።

ለሐይቅ እስጢፋኖስ ወይም ለግሸን ማርያም የምሄድ የት ልውረድ?

እዚሁ። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግሸንም በአምባሰል በኩል ስለሆነ መነሻችሁ ደሴ ይሆናል። ለመስከረም 21 የግሸን ንግሥ የምትመጡ ትኬታችሁን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ላሊበላ የራሱ ኤርፖርት አለው፤ ላሊበላን ብቻ ፈልጋችሁ ኮምቦልቻ አትውረዱ።

ትኬቴ 07:30 ይላል። ጠዋት ነው ከሰዓት?

ጠዋት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ቀንሱለት። 13:10 ካለ ከቀኑ 7፡10 ነው ማለት ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው። ጥምቀትን አገር ቤት ልዋል ብሎ ለጥር 11 የሚመጣ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ትኬቱ ላይ ቁጥሩ 19 ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አጎቴ 07:30 የሚለውን አይቶ ከቀኑ ሰባት ተኩል መስሎት አርፍዶ ነው ከቤት የወጣው። ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ሄዶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቤ ትኬት ስቆርጥ ሰዓቱንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። እናንተም ለእናት ለአባታችሁ እንዲሁ አድርጉላቸው።

ምን ይዤ ልሂድ? ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

መታወቂያ ግድ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ለአገር ውስጥ ኢኮኖሚ መንገደኛ የተለመደው 20 ኪሎ ሻንጣና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነው። ከውጭ አገር መጥታችሁ በዚያው ትኬት የምትቀጥሉ ከሆነ የሚፈቀድላችሁ ከዚህ ስለሚበልጥ ትኬታችሁን አንብቡ።

ከወሎ ስንመለስ ባዶ እጃችንን አንመለስም። ማርና ቅቤውን ክዳኑን በደንብ አስራችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ በሚረከበው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በእጅ ይዛችሁ ፍተሻ ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በርበሬ ደግሞ ሽታውም ብናኙም ሰው ስለሚረብሽ በሁለት ፌስታል ይታሰር።

ውስጥ ምን አገልግሎት አለ?

የአገር ውስጥ በረራ ብቻ የሚያስተናግድ አነስተኛ ኤርፖርት ነው። ትፈተሻላችሁ፣ ሻንጣ ታስረክባላችሁ፣ የይለፍ ወረቀት ትቀበላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታበት ቦታ የለም፤ እሱ ቦሌ ያልቃል። የቦሌን ዓይነት ሱቅና ምግብ ቤት አትጠብቁ። በልታችሁ ኑ፣ ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

መንገደኛ የማያየው አገልግሎት ግን ብዙ ነው፤ እኔ የማከብረው እሱን ነው። የመንገደኛ በረራ በሚያስተናግድ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በተጠንቀቅ ይቆማሉ። የነፋሱንና የደመናውን ሁኔታ ለፓይለቱ የሚነግር ሰው አለ። መንደርደሪያው ላይ ድንጋይ፣ ከብት ወይም ወፍ እንዳይኖር ቀድሞ ይታያል። ከአጥሩ ማዶ ከብት በሚግጥበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

አቅመ ደካማ ወይም የማይራመድ ሰው ካላችሁ ተሽከርካሪ ወንበር የሚታዘዘው ትኬት ሲቆረጥ ነው። በሩ ላይ ደርሶ መጠየቅ ሕመምተኛውን ማንገላታት ነው። እርግዝናዋ የገፋ እናትም የሐኪም ወረቀት ትያዝ።

በመኪና ይሻለኛል ወይስ በአውሮፕላን?

አዲስ አበባና ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር ቢለኩ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። አየር ላይ የምትቆዩት ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በመኪና እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎ። ቀኑን ሙሉ ማለት ነው።

ሕመምተኛ፣ አዛውንት ወይም ለቅሶ የሚደርስ ሰው በአውሮፕላን ይሂድ። ብሩን አትቁጠሩት። መንገዱን አይቶ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ግን ሰላም በሆነ ጊዜ አንድ ጊዜ በመኪና ይሂድ። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያላየ ሰው ወሎና ሸዋ እንዴት እንደተያያዙ አይገባውም።

ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነው አሉኝ። ያረጀ ነው?

አይደለም። ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ያስገባው ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፤ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የጄት ሞተር ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር ስድስት ክንፍ አለው።

ፕሮፔለር የተመረጠበት ምክንያት አለው። አጭር መንገድ ላይ ከትልቅ ጄት ያነሰ ነዳጅ ይበላል፣ አጠር ባለ መንደርደሪያም ይነሳል። ተራራ በከበበው ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድምፁ ከበድ ያለ ነው፣ መንቀጥቀጥም አለው፤ ከፕሮፔለሩ ርቆ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከኋላ ወይም ከፊት ወንበር ይጠይቅ።

ደሴ ትልቋ ከተማ ሆና ሳለ ኤርፖርቱ ለምን ኮምቦልቻ ተሠራ?

የደሴን መልክ አስቡት። በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል። ቤቱ ራሱ የተሠራው ዳገት ቆርጦ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ረጅም ደልዳላ መሬት ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሲመጣ የሚወርድበት፣ ሲነሳ የሚወጣበት ክፍት ሰማይም ያስፈልገዋል። የቦርከና ሸለቆ ያለበት የኮምቦልቻ ሜዳ ይህን ይሰጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን የማንሳት አቅሙም፣ ለሞተሩ የሚሰጠው ጉልበትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዘም አድርጎ መሮጥ አለበት። የኮምቦልቻ አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ደሴ ላይ ሩብ ያህል ነው የሚቀንሰው። ሰው የማይጠብቀው ነገር፣ ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከኮምቦልቻ ይበልጣል። በከፍታ በኩል ኮምቦልቻ ለአውሮፕላን ከቦሌ ትቀላለች። የሚከብዳት ዙሪያዋን የቆመው ተራራ ነው።

እዚህ አገር አውሮፕላን መቼ ታየ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን ነበር። የደሴ ሰው አውሮፕላንን በደንብ ያወቀው ግን በክፉ ቀን ነው። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ነበር። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ድንኳኖችና ሆስፒታሉ ሳይቀሩ ተመቱ። ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዚያ ቀን ትዝታ ነው። እኛ ቤት አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ብላ ታይ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ይገባኛል።

በዚያው ጦርነት ለእኛ ወገን የበረሩም ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መልእክትና ሰው እያመላለሰ በረረ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ሮዘን ኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ገባች። ጣሊያን የኮምቦልቻን ሜዳ ለጦር አውሮፕላኖቹ ማረፊያ አደረገው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ከደቡብ ሲመጣ፣ ጣሊያን ኮምቦልቻ በር ላይ ተራራውን በመድፍ ይዞ ጠበቀ። ብዙ ቀን ተዋጉ። ደሴ ሚያዝያ 18 ነፃ ወጣች።

የመንገደኛ በረራስ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ሰው ዳኮታ የሚላቸው ነበሩ። መንገደኛው ጎንና ጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ዕቃው መሃል ላይ ይታሰራል። ዳኮታ ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ስለሚችል፣ አስፋልት መንገድ ያልደረሰበት አገር ሁሉ ደረሰ። ኮምቦልቻም ከዚያ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት።

ከዳኮታ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ትዊን ኦተር፣ በ1988 ዓ.ም. ፎከር 50፣ በ2002 ዓ.ም. ኪው 400 መጡ። የእኔ ዘመን የፎከር ነው። መጀመሪያ የተሳፈርኩበት ቀን ቦርከናን ከላይ ሳየው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ምን ሆነ?

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። በረራ ተቋረጠ። ብዙ ሰው በእግሩ፣ ልጁን ተሸክሞ ወጣ። መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በረራው ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹን በረራዎች ድምፅ የሰማን ሰዎች፣ ያን ጊዜ ደጅ ወጥተን ነው ያዳመጥነው።

በክረምት ለምን ይሰረዛል? አዲስ አበባ ፀሐይ ነው እኮ!

ወሳኙ የኮምቦልቻ ሰማይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ተራሮቹ ላይ ይተኛል። ፓይለቱ ከተወሰነ ከፍታ በታች መውረድ የሚችለው መንደርደሪያውን በዓይኑ ሲያይ ብቻ ነው። ካላየ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ሕግ ነው፤ የፓይለቱ ፍርሃት አይደለም። ደመና ውስጥ ተራራ አይታይም።

አንድ ነሐሴ አክስቴ ሞታ ለቀብር ስመጣ ደረሰብኝ። አውሮፕላኑ ከላይ ዞረ፣ ዞረ። በመስኮት የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ቦሌ እንመለሳለን ተባለ። አጠገቤ ያሉ እናት አለቀሱ፤ እሳቸውም ለቅሶ ነበር የሚሄዱት። ቀብሩ አለፈኝ። በማግሥቱ ሠልስት ሳይደርስ ገባሁ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ያን ፓይለት ባገኘው አመሰግነዋለሁ።

አውሮፕላን ሲነሳ ማረፍ ቢያቅተው ሌላ ሜዳ የሚያደርሰው ነዳጅ ይዞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ዞሮ መመለሱ አያስጨንቃችሁ። ምክሬ ይህ ነው፦ በክረምት የጠዋት ጉም እስኪገልጥ ሊዘገይ ይችላል፣ ከሰዓት ደግሞ ዝናብ ይመጣል። ለሐኪም ቀጠሮ ወይም ከቦሌ ለሚነሳ የውጭ በረራ ከሆነ፣ በዚያው ቀን አትምጡ። አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እደሩ።

ትንሽ አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ሕመምተኛ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ አነስተኛ አውሮፕላን የሚያከራዩ የግል ድርጅቶች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሴስና ካራቫን ነው፤ ባለ አንድ ሞተር፣ አሥር ሰው ገደማ የሚይዝ። ድርጅቱ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ። የበረራውን ፈቃድ የሚያስጨርሰው ራሱ ድርጅቱ ነው። የምትከፍሉት ለመሄጃም ለመመለሻም ነው፤ ባዶውን የሚመጣበትም ይታሰባል። ስለዚህ ውድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ሰው ከፍታ ይችላል ወይ? ኦክስጅን የሚፈልግ ሕመምተኛ፣ ደረቱ ወይም ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ያለበት ሰው፣ አየር ላይ ሊብስበት ይችላል። አንዳንዱን ሐኪም አብሮ ካልሄደ ማንሳት አይገባም። በመደበኛው በረራ መሄድ ለሚችል ሕመምተኛ ደግሞ አየር መንገዱ ሐኪም የሚሞላው ቅጽ አለው። እሱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ትንንሽ አውሮፕላኖች ሌላም ሥራ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ ወሎንና አፋርን ሲወር መድኃኒት ከአየር ላይ ይረጭ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ ነዳጅና መድኃኒት የሚሞላበት ቅርብ ሜዳ ከሌለ፣ ቀኑ በመመላለስ ያልቃል፤ አንበጣው ማሽላውን ይጨርሳል። አነስተኛ ኤርፖርት ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው ይህን ነው የምነግረው።

ለሠርግ ቪዲዮ ድሮን ባነሳስ?

ኤርፖርቱ አካባቢ በፍጹም አታንሱ። አገር ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ቪዲዮ አንሺው ፈቃድ አለኝ ካለ ወረቀቱን ያሳያችሁ። አንድ ኪሎ የማይሞላ ድሮን ለማረፍ በሚወርድ አውሮፕላን ሞተር ወይም ፕሮፔለር ላይ ቢገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ሠርጉን ሐይቅ ዳር በእጅ ካሜራ ቅረጹት፤ ያምራል።

ታዲያ ኤርፖርቱ የማን ነው? ቅሬታ ካለኝስ ለማን ልንገር?

የደሴ ነው የኮምቦልቻ ነው የሚለው ክርክር ሻይ ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ እኔ ሁለቱንም ወገን ሰምቼ የሁለቱም ነው ብዬ ቁጭ ብያለሁ። በሥራ ደረጃ የአገሪቱ ኤርፖርቶች ቀድሞ በኤርፖርቶች ድርጅት ሥር ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ድርጅቱ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር ተቀላቀለ። አሁን ሜዳውንም በረራውንም የሚያስተዳድረው ግሩፑ ነው። ደኅንነቱን የሚቆጣጠረው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለ ትኬት፣ ሻንጣና መስተንግዶ ከሆነ ለአየር መንገዱ ንገሩ። ሻንጣ ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ካገኛችሁ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ እዚያው አስመዝግቡ፤ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ከገባችሁ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል። ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና የእናንተን ቁራጭ አትጣሉ።